ሴትዮ፣ አንገቷን እዪ! የአጫጭር ድራማዎች ነገር

ሰላም ሰላም! እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለነዚያ በቁሙ በስልክ ስለሚታዩ አጫጭር ድራማዎች ነው የምናወራው። ታውቋቸዋላችሁ፣ አትካዱ! አንዱ ክፍል አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ክፍሎቹ ግን 60፣ 80፣ አንዳንዴም 100 ይደርሳሉ። ወለል የምትወለውለው ልጅ የድርጅቱ ባለቤት የጠፋች ልጅ ናት። ግማሽ ሐብል አንገቷ ላይ፣ ሌላው ግማሽ እናትየው ቦርሳ ውስጥ። እናትየው ደግሞ "ይህችን ከፊቴ አስወጡልኝ!" ትላለች። እኛ እዚህ እንጮኻለን፦ ሴትዮ፣ አንገቷን እዪ!

"ምስጢሩን ለማወቅ ነው የምናየው" ትላላችሁ። የቱን ምስጢር? ክፍል አንድ ላይ ነግረውን የለ እንዴ! እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም። ያንገበገበን እሱ ነው።

ዮሴፍን አስቡት። የኦሪቱን። ወንድሞቹ ሸጡት። ከዓመታት በኋላ እህል ሊሸምቱ ግብፅ ወርደው እግሩ ሥር ተደፉ። እሱ አወቃቸው፣ እነሱ አላወቁትም። ቋንቋቸውን እየሰማ በአስተርጓሚ ያናግራቸዋል! "በወንድማችን ላይ በሠራነው ነው ይሄ የመጣብን" ሲባባሉ ሰማ፤ ዞር ብሎ አለቀሰ። "እኔ ነኝ" ቢል እኮ አለቀ። አላለም። ስምዖንን አሰረ፣ ብንያምን አምጡ አለ፣ የብር ጽዋውን ብንያም ስልቻ ውስጥ አስደበቀ። ከዘፍጥረት 42 እስከ 45 አንጠለጠለን። በመጨረሻ ይሁዳ ተነስቶ "በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን" አለ። ያኔ "እንሸጠው" ያለው ማን ነበር? ራሱ ይሁዳ! ዮሴፍ ከዚህ በኋላ ነው መቻል አቅቶት እየጮኸ ያለቀሰው።

አጭር ድራማ ላይ ግን ይሁዳ የለም። ማንም ሳይለወጥ ሁሉም ይተቃቀፋል። ለእኔ ድክመታቸው ይሄ ነው።

ቴክኒኩን ባጭሩ፤ መቼም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ በነፃ፣ ከዚያ እጇ ሐብሉን ሊነካ ሲል ጥቁር፣ ከዚያ "ቀጣዩን ክፍል ለማየት ኮይን (የመተግበሪያውን መክፈያ ሳንቲም) ግዙ"። በቃ።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። "ደማቸው ገጠመ፣ እንግዲህ ልጁ ነው" የምትሉ ኧረ ተዉ! በዚህ ሂሳብ የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሁሉ ዘመዳም ነው። የደም ዓይነት አንዳንዴ "አይደለም" ይላል እንጂ "ነው" ማለት አይችልም። ለምሳሌ አባትየው ኤቢ ከሆነ ልጁ ኦ አይሆንም፤ እጅግ ብርቅ ካልሆነ በቀር። "ከማበጠሪያ የተሰረቀው ፀጉርስ?" ሥሩ ከሌለው ለተለመደው የአባትነት ምርመራ አይሆንም። የዲኤንኤ ውጤትም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በፖስታ አይደርስም። ለነገሩ ደራሲው የፈለገው እናትየው እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ወረቀት ነው፤ ላብራቶሪው ግድ አይሰጠውም።

ፖስታውን ስለምትቀይረው ክፉ እህት ገና አላወራንም። እሷ ለብቻዋ ቪዲዮ ይገባታል። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኗት!