ከቦርከና ደለል ሥር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማወራችሁ ስለ ደሴና ኮምቦልቻ መሬት ነው፤ ስለሚታየው ሳይሆን ከሥር ስለተቀበረው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን የወረደ ሰው ምድሪቱ እንዴት ቁልቁል እንደተሰበረች ያያል። አፋር ሲሰምጥ ጠርዙ ተሰነጣጠቀ፣ በስንጥቆቹ መሃል ያለው መሬት ጎደጎደ፣ ከዚያ የቦርከና ወንዝ ደለሉን አምጥቶ ሞላበትና ስንጥቆቹን ሸፈናቸው። አሁን የትኛው ሰፈር በላያቸው እንደተቀመጠ በዓይን አይለይም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሳይቆፈር ለማወቅ አንዱ መንገድ የስበት ልኬት ነው። ደለል ቀላል ነው፣ ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከባድ። ደለሉ በወፈረበት ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የሚፈለገው ለውጥ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊጋል (የስበት መለኪያ) ነው፣ አንድ ሚሊጋል ደግሞ ከጠቅላላው ስበት አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ። አንድ ሜትር ከፍ ማለት ብቻ ንባቡን በ0.3 ሚሊጋል ያወርደዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ 600 ሜትር ገደማ እንደሚለያዩ አስቡት!

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የጦሳ ተራራ ነው። ደሴ መሃል መሣሪያ ብታስቀምጡ ተራራው ከላይ ሆኖ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ንባቡም ዝቅ ይላል፣ ይህ ካልታረመ ደግሞ ካርታው ላይ ከተማው ሥር የሌለ ደለል ይታያል። ስለዚህ ዙሪያውን ያለው ተራራ ሁሉ ክብደቱ ተሰልቶ ይስተካከላል። ሜዳ አገር ላይ ቀላል የሆነው እርማት እኛ ጋ ትልቁ ሥራ ነው።

የማግኔት ልኬት በሌላ በኩል ያግዛል። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማግኔትነት ያለው ማዕድን አለ፣ ስንጥቅ ባዛልቱን ቆርጦ ካወረደው ንባቡ እዚያው መስመር ላይ ይቀየራል። ግን የምድር ማግኔታዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔት ኃይል አግድም የሚተኛበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ፣ አውሮፓ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ድንጋይ እዚህ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቀን ላይ ከላይ በከባቢ አየር የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረትም ንባቡን ያንቀሳቅሰዋል፣ ለዚህ አንድ መሣሪያ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀኑን ሙሉ ይመዘግባል። ኮምቦልቻ ውስጥ ቆርቆሮውና የመብራት መስመሩ ሲጨመርማ ሥራው ይከብዳል።

ሁለቱም ቢለኩ እንኳ ጥልቀቱ ላይ ጥርጣሬ ይቀራል፤ የተለያየ የደለል ቅርጽ አንድ ዓይነት የስበት ንባብ ሊሰጥ ይችላልና። ይህን የሚፈታው ጉድጓድ ነው። የውሃ ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ድንጋዩ በስንት ሜትር እንደተገኘ አስመዝግቡ። ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ካለም እባካችሁ አትጣሉት።