«ዳኛው ማን ነው?»

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? የምናገረው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ብቀዳ ሙቀቱ አያስቀምጠኝም፤ ብከፍተው ደግሞ የባጃጁ ጩኸት አብሮ ይቀዳል። ከሁለቱ ባጃጁን መርጫለሁና ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራው ስለ ዳኛ ሹመት ነው፤ በተለይም አሜሪካኖች ለጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው አንድ ሰው በታጨ ቁጥር ስለሚያነሡት ጠብ። ምን አገባሽ የሚለኝ አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት በጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ክስ፣ መልስ፣ የይግባኝ ቅሬታ ስተይብ ነው ዕድሜዬ የሄደው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ቢሯችን ገብቶ «ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ የጀመረ ባለጉዳይ አላስታውስም። ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴም ይሁን፣ በውርስ ከወንድሞቿ ጋር የተካሰሰችው የሳቢያን ሰፈር ሴትዮ፣ ሁሉም አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ዳኛው ማን ነው?» አለቃዬ የነበሩት ጠበቃ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በዚህ ጥያቄ ይቆጡ ነበር። «ዳኛውን ተወውና ማስረጃህን አምጣ! የሚፈርድልህ ሕጉ ነው!» ይላሉ። ባለጉዳዩ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ መዝገቡ የማን እጅ ገባ?» ይሉኛል።

አሜሪካኖቹን እንድከታተል ያደረገኝም ይኸው ነው። ጋሼ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቁትን፣ እነርሱ አገር እያየ ይጮኹበታል።

አሠራሩን ባጭሩ ልናገር። የአሜሪካኑን ዓመት በእነርሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እላለሁ። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፤ መቶ አባላት ያሉት ሴኔት መርምሮ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ወንበሩ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ ዳኛው ካልሞተ፣ በፈቃዱ ካልለቀቀ፣ ወይም በከባድ ጥፋት ተከስሶ ካልተሻረ አይነሣም። ክላረንስ ቶማስ በ1991 በ52 ለ48 ድምፅ ሲጸድቅ ዕድሜው 43 ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ፕሬዚዳንት መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ እርሱ ዓመታቱን እዚያው ወንበር ላይ ቆጥሯል። እንዲህ ያለ ወንበር ቢያጣላ አይገርምም።

ከታሪካቸው ሁሉ ደጋግሜ የማስበው የሮበርት ቦርክን ነው። ፕሬዚዳንት ሬጋን በ1987 ሲያጨው የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተምሯል። ሊቅነቱን ተቃዋሚዎቹም አልካዱም። መዘዙ የመጣበት ዕድሜውን ሙሉ ያሰበውን እየጻፈ በማስቀመጡ ነው። በ1963 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጥቁሮችን እኩል እንዲያስተናግዱ የሚያስገድደውን የሕግ ሐሳብ ተቃውሞ ጽፎ ነበር፤ ኋላ አቋሙን ለወጠ፣ ጽሑፉ ግን ቀረ። ባለትዳሮች የወሊድ መከላከያ እንዳይጠቀሙ የሚከለክለውን የኮኔቲከት ሕግ ፍርድ ቤቱ በ1965 ሲሽር፣ ለውሳኔው መሠረት የተደረገው የግል ሕይወት መብት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም ብሎ ተችቷል። ሌላም አለ። በ1973 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የራሱን ቅሌት፣ የዋተርጌትን ጉዳይ፣ የሚመረምረውን ዐቃቤ ሕግ አባርሩልኝ ሲል፣ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱ የበላይ ኃላፊዎች አንፈጽምም ብለው ከሥልጣናቸው ወርደዋል። ተራው ሲደርሰው ትእዛዙን የፈጸመው ቦርክ ነበር። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዕጩነቱ በተነገረበት ዕለት ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ተነሥተው፣ ይህ ሰው ከተሾመ አሜሪካ ምን እንደምትመስል በአስፈሪ ቃላት ሣሉ። አጋነዋል፤ እኔ ብሆን እንደዚያ አልናገርም። ይሁንና በመስከረም ወር ምርመራው ሲከፈት ቦርክ ለአምስት ቀናት ተቀምጦ የተጠየቀውን መለሰ፤ በእውነት መለሰ። አንድ ሴናተር ወንበሩን ለምን ትፈልገዋለህ ቢለው፣ ለአእምሮ ድግስ ነው አለ። ያን የሚሰማው ሰው የፈለገው ጉዳዩን የሚያይለት ዳኛ ነበር እንጂ ድግስ የሚጠራ አልነበረም። ጥቅምት ላይ በ58 ለ42 ወደቀ። ከተቃወሙት ውስጥ ስድስቱ የገዛ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሰዎች ናቸው።

በመካከሉ የሆነች አንዲት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ክርክሩ እንደጋለ አንድ ጋዜጠኛ ቦርክ ከቪዲዮ ቤት የተከራያቸውን ፊልሞች ዝርዝር አግኝቶ አሳተመው። ነውር የሚባል ነገር አልተገኘበትም፤ ምክር ቤቱ ግን ደነገጠ፤ ነግ በእኔ አለ መሰል። በ1988 የቪዲዮ ተከራዮችን መዝገብ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። የግል ሕይወት መብት የለም ያለው ሰው ምክንያት ሆኖ! የቪዲዮ ካሴት ከጅቡቲ በባቡር ይገባበት በነበረው ዘመን እዚህ ድሬ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። የዚያን ጊዜ የአከራዮቹ ደብተር ቢታተም ኖሮ በዚህ ከተማ ስንት ትዳር ይፈርስ ነበር።

ወንበሩን ያገኘው አንተኒ ኬኔዲ ነው፤ 97 ለ0። ከሴናተሩ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የላቸውም። ይህ ዳኛ በ1992 የፅንስ ማቋረጥ መብትን በአንድ ድምፅ ብልጫ ካቆዩት አምስቱ አንዱ ሆነ። መብቱ በ2022 እስኪሻር ድረስ ለ30 ዓመታት የቆየው ቦርክ ስለ ወደቀ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ባለጉዳዮቻችን «ዳኛው ማን ነው?» ሲሉ ሞኞች አልነበሩም ማለት ነው።

እኔ ብጠየቅ ቦርክን እቃወም ነበር። ግን ከእርሱ ወዲህ የመጡት ዕጩዎች ምን እንደተማሩ ስታዩ ታዝኑለታላችሁ። በ1993 ሩት ቤደር ጊንዝበርግ ወደፊት ሊመጡ ስለሚችሉ ጉዳዮች ፍንጭም ትንበያም አልሰጥም አለች፤ በ96 ለ3 ጸደቀች። እርሷ እንኳ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ፅንስ ማቋረጥ በግልጽ ተናግራለች፤ ተከታዮቿ የወሰዱት ዝምታውን ብቻ ነው። «ይህ ጉዳይ ነገ እኔ ፊት ሊቀርብ ይችላል» የምትለዋ መልስ ከዚያ ወዲህ የማትከፍተው በር የለም።

ከዝምታውም የከፋ መጣ። በየካቲት 2016 ዳኛ ስካልያ ሲሞቱ ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን አጨ። ከተቃራኒው ፓርቲ የሆኑት የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሚች መኮኔል፣ የምርጫ ዓመት ስለሆነ ሕዝቡ ይወስን ብለው ጉዳዩን ዘጉት፤ ሰውየው 293 ቀን ጠብቆ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ። በ2020 ጊንዝበርግ ስትሞት ግን እነዚያው ሰዎች የፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያጫትን ኤሚ ኮኒ ባሬትን ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው በ52 ለ48 አጸደቁ። በእኔ ሚዛን በቦርክ ላይ የተፈጸመው ከዚህ እጅግ ይሻላል። እርሱ ቢያንስ ተሰምቶ ነው የወደቀ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። መስከረም 17 ቀን 2011፣ የመስቀል ዕለት፣ ዘመድ ቤት ተሰብስበን ነበር። አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥኑ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጨውን የብሬት ካቫኖን ምርመራ በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። ክሪስቲን ብላሲ ፎርድ፣ ተማሪዎች ሳለን ወሲባዊ ጥቃት ሊፈጽምብኝ ሞክሯል ስትል መሰከረች፤ እርሱ ቁጣም እንባም እየተናነቀው ካደ። አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ እየተረጎመ፣ እኛ ቡና እየጠጣን አየን። ማን እውነት እንደተናገረ ሁሉም የየራሱን ያዘ። የልጆች ቀለብ ለማስወሰን ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱት አክስቴ ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «እኔ ዳኛዬ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያወቅሁት ከፈረደብኝ በኋላ ነው፤ እነዚህ ገና ሳይቀመጥ ይመረምሩታል?» አሉ። ካቫኖ በ50 ለ48 ጸደቀ።

ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 22 ቀን፣ የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ። በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም አልጸጸትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 81 እንደሚለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። ከሁሉ ቀድመው ብዙ የሚመልሱት የነበራቸው እኚህ ሴት ነበሩ፤ እንደ አሜሪካኖቹ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን አልሰማሁም። በጥር 2015 በአቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ሲተኩም እንዲሁ ስሙን ከዜና ሰማን።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች እንዳይቆጡኝ አንድ ነገር ልለይ። የአሜሪካው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፤ የእኛ አይተረጉምም፣ ሥልጣኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ጠባቸው በልኩ የእኛ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተፈጸመን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርም፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ ችሎቱ የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። አምስት ዳኞች አዲስ አበባ ላይ ስለ አንድ የውርስ ክርክር የሰጡት ትርጉም፣ እዚህ የሳቢያኗን ሴትዮ ቤት ያሳጣታል ወይም ያስመልስላታል። እኔ ራሴ የሰበር መዝገብ ቁጥር እየጠቀስኩ የተየብኩት ማመልከቻ ስንት ነው!

ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ደረቅ ነገር አይሰማም የሚለኝንም አልቀበልም። በግንቦት 2012 ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ጥያቄዎችን የሚመረምረው አጣሪ ጉባዔ ምሁራንን ጠርቶ በቀጥታ ሥርጭት አስተያየታቸውን ሰምቷል፤ ሰብሳቢዋ እኚያው ወይዘሮ መዓዛ ነበሩ። የግንቦት ሙቀት ድሬ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ሙቀት በርጫ ላይ የተቀመጡ ሰዎች፣ ስለ ምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ስለሚናገረው አንቀጽ 58 እና ስለ አስቸኳይ ጊዜ ስለሚናገረው አንቀጽ 93 ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ሾፌር ነው፣ አንዱ ጫት ነጋዴ።

ታዲያ ዕጩውን ምን እንጠይቀው? ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ፅንስ አይደለም፤ ያ የእነርሱ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያዘዝከው ሳይፈጸም ሲቀር ምን አደረግህ? የሕግ ቢሮ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ይህን ማመልከቻ ያውቀዋል፤ «የተከበረው ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቅ ያዘዘለት ደንበኛችን እስከ ዛሬ አልተለቀቀም»። ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ዳኛው ነው። አንዱ ኃላፊውን ለነገ ጠዋት አስጠርቶ ያስረዳ ይላል። ሌላው ለሳምንት ይቀጥራል፣ ከሳምንት በኋላም ለሌላ ሳምንት። ሁለቱም ያላቸው ሕግ አንድ ነው። በ1990ዎቹ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ፤ ሰውየው ወጡ፣ ወዲያውም ተመልሰው ተያዙ። የዳኛዋ ስም እስከ ዛሬ በሰው አፍ ከሚነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ያን ትእዛዝ መስጠታቸው ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁም ለዚህ ነበር። ከቦርክ ጽሑፎች ሁሉ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ፣ አለቆቹ አንፈጽምም ያሉትን ትእዛዝ መፈጸሙ ነው። ሰውየው ለሥልጣን ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ለጋሼ ነገርኳቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢያቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ አገር እኮ ነው! መድረኩን ስትከፍቺላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ብሔሩን ነው። የውሳኔውን ነገር ማን ያነሣዋል?» አሉኝ። ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች የሚከብደኝ ይኸኛው ነው፤ ሐሰት ነው ልላቸው አልቻልኩም። «ጋሼ፣ እሱን እኮ ዛሬም ይጠይቁታል፤ በየጓዳው። ዕጩው በሌለበት፣ ሥራው ሳይነበብ፤» አልኳቸው። «በየጓዳው ይሻላል፤ ከጓዳ የወጣ ነገር ደም ያፋስሳል፤» አሉ። አልተስማማንም።

ትንሽ ቆይተው ግን ጠበቃነታቸው አላስችል አላቸው መሰል፣ ሌላ ነገር አነሡ። የሰበር ውሳኔዎች በየቅጹ ታትመዋል፤ በየውሳኔው ራስ ላይ የአምስቱ ዳኞች ስም አለ፣ ያልተስማማ ዳኛ ካለም የልዩነት ሐሳቡ ከነምክንያቱ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። ከእነዚህ ዳኞች አንዱ ለትልቁ ወንበር ቢታጭ ሥራው በአደባባይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ምክር ቤቱ ባይጠይቅ እንኳ ማንም ገልጦ ማንበብ ይችላል። «ዳኛው ማን ነው ትዪ የለ? ሂጂና የልዩነት ሐሳቦቹን ብቻ ለቅመሽ አንብቢ። ማን ብቻውን እንደሚቆም ታዪያለሽ፤» አሉኝ፤ ከመደርደሪያቸውም ሁለት ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። አንዱን ጀምሬዋለሁ፤ የመሬት ጉዳይ ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ያገኘሁትን ይዤ እመጣለሁ። ደኅና ሰንብቱ።