በመዝገብ ላይ ያልሰፈሩት የሥራ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች

ሰላም፦ መንግሥት በራሱ ገንዘብ ሥራ ሲፈጥር ሥራ አጥነት በእርግጥ ቀንሷል ለማለት ምን ምን መቆጠር እንዳለበት ዛሬ እንወያያለን። ዮናስ፣ ከአሜሪካ እንጀምር ብለሃል።

ዮናስ፦ አዎ፣ የቁጥሩ ክርክር እዚያ ወለል ብሎ ስለሚታይ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የፌዴራል የሕዝባዊ ሥራዎች መሥሪያ ቤት በ1943 እስኪዘጋ ድረስ 8.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በመንገድ፣ በድልድይ፣ በትምህርት ቤትና በመናፈሻ ግንባታ አሰማርቷል። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ስሌት ግን እነዚህን ሰዎች ከሥራ አጦች ጋር ይደምራቸው ነበር፤ በዚህም መሠረት የ1936 የሥራ አጥነት መጠን 16.9 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ማይክል ዳርቢ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በ1976 ባሳተሙት ጥናት እነዚሁን ሠራተኞች ሥራ ካላቸው ሰዎች ጎራ መድበው ሲያሰሉ የዚያው ዓመት መጠን ወደ 9.9 በመቶ ወረደ።

ሰላም፦ ቀኑን ሙሉ አካፋ ይዞ መንገድ ሲጠግን የዋለና ለዚያም ደመወዝ የተቀበለ ሰው ሥራ አጥ የሚባልበት አግባብ አይታየኝም።

ዮናስ፦ ጥያቄው ስንት ቤተሰብ ገቢ አጥቷል የሚል ከሆነ ከአንቺ ጋር እስማማለሁ። ጥያቄው የግሉ ኢኮኖሚ ምን ያህል ሰው መቅጠር ተስኖታል የሚል ከሆነ ግን የቀድሞው አቆጣጠር የሚያሳየው ነገር አለ፤ የመንግሥት በጀት በማግስቱ ቢቆም እነዚያ ሰዎች የት ይደርሱ ነበር ብሎ ይጠይቃልና። ሁለቱ ቁጥሮች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። ፖለቲከኞች ግን አንዱን ብቻ መዘው ያወጣሉ።

ሰላም፦ በእኔ አመለካከት ከዚህ የሚከብደው የመተካካት ጉዳይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው የቅጥርና ሥልጠና ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍለ ግዛቶችና ለከተሞች የመቅጠሪያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። አንድ ከተማ በራሱ በጀት አሥር የጽዳት ሠራተኞች ሊቀጥር አስቦ ነበር እንበል። የፌዴራሉ ገንዘብ ሲመጣ እነዚያኑ አሥር ሰዎች በእርሱ ይቀጥርና የራሱን በጀት ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። ሪፖርቱ ላይ አሥር አዲስ የሥራ ዕድል ይጻፋል፤ በሥራ ገበያው ውስጥ ግን አንድም ሰው አልተጨመረም። ሕጉ በኋላ ቢጠብቅም ፕሮግራሙ ከዚህ ወቀሳ ሳይላቀቅ በ1982 በሌላ ሕግ ተተካ።

ዮናስ፦ ለዚህ ነው «ይህን ያህል ሰው ቀጠርን» የሚለው አኃዝ ብቻውን እምብዛም የማያረካኝ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ካርድ፣ ዮኸን ክሉቨና አንድሪያ ዌበር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ባደረጉት ትንተና፣ የሥልጠና ፕሮግራሞች ፍሬ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ጎልቶ ሲታይ፣ በመንግሥት ዘርፍ የሚሰጥ ጊዜያዊ ቅጥር ግን ተሳታፊውን ወደፊት መደበኛ ሥራ በማስያዝ ረገድ ውጤቱ ኢምንት ወይም አሉታዊ ሆኖ አግኝተውታል።

ሰላም፦ ይህ ግን ፕሮግራሙን መወጣጫ መሰላል አድርጎ ከሚያይ ሰው አንጻር የተሰጠ ፍርድ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ከመነሻው የታሰበው ለዚያ አይደለም፤ ዋናው ተጠቃሚም በመዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ላይሆን ይችላል። የህንድን ጉዳይ ማንሳት የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ዮናስ፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን ሕግ ማለትሽ ነው?

ሰላም፦ አዎ። ሕጉ ጉልበቱን ለመሸጥ ፈቃደኛ ለሆነ እያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት እስከ 100 ቀን ሥራ የማግኘት መብት ሰጠ፤ ሥራ ጠይቆ በ15 ቀን ውስጥ ላላገኘም የሥራ አጥነት አበል እንዲከፈለው ደነገገ። በ2006 በ200 ወረዳዎች ተጀምሮ በ2008 የገጠሩን አካባቢ በሙሉ አዳረሰ። አሁን በአንድ መንደር ለቀን ሠራተኛ የሚከፍሉት ሁለት ወይም ሦስት ባለመሬቶች ብቻ ናቸው እንበል። ሠራተኛዋ ሌላ አማራጭ ስለሌላት በቀረበላት ዋጋ ታድራለች። የመንግሥቱ ሥራ ሲከፈት ግን፣ አንድም ቀን እዚያ ባትሠራ እንኳ፣ «በዚህ ዋጋ አልሠራም» የምትልበት አቅም ታገኛለች።

ዮናስ፦ የቀን ክፍያው ሲጨምር ባለመሬቱ ቅጥር አይቀንስም ወይ የሚለው የተለመደ ተቃውሞ ነው።

ሰላም፦ ገበያው ብዙ ቀጣሪዎች የሚሻሙበት ቢሆን ተቃውሞው ክብደት ይኖረው ነበር። ጥቂት ቀጣሪዎች ዋጋውን ዝቅ አድርገው በያዙበት ቦታ ግን የክፍያው መጨመር ቀድሞ ቤት ይቀመጥ የነበረውን ሰው ጭምር ወደ ሥራ ሊያወጣ ይችላል። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የተካሄደ ሰፊ ሙከራ ይህን ለማየት ዕድል ሰጥቷል። አንዳንድ ንዑስ ወረዳዎች ሠራተኛው በጣት አሻራ ተለይቶ የዚህን ፕሮግራም ክፍያ የሚቀበልበትን ካርድ አስቀድመው እንዲጀምሩ በዕጣ ተመረጡ። በእነዚህ ቦታዎች የድሃ ቤተሰቦች ገቢ ከፍ አለ፤ የጭማሪው አብዛኛው ክፍል የመጣው ግን ከፕሮግራሙ ደመወዝ ሳይሆን ከግሉ የሥራ ገበያ ነበር፤ ቅጥርም አልቀነሰም።

ዮናስ፦ እንግዲያው ይህንን ፕሮግራም በከፈለው ደመወዝ ልክ ብቻ የሚመዝን ሰው ከጥቅሙ የሚበልጠውን ክፍል አላየውም ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ ሙከራው የመንግሥትን ወጪ አለመጨመሩ ነው። የተለወጠው አከፋፈሉ ነበር፤ ገንዘቡ ፈጥኖ መድረስ ጀመረ፣ በመንገድ ላይ የሚቀረውም ቀነሰ።

ሰላም፦ በሌሎች የህንድ አካባቢዎች ግን የክፍያ መዘግየት ሥር የሰደደ ችግር ሆኖ ቆይቷል፤ ሕጉ ክፍያው በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም ያዝዝ የነበረ ቢሆንም። የዕለት ጉርሷን በዕለት ሥራ የምትሸፍን ሴት ሳምንታት ልትጠብቅ አትችልም፤ ስለዚህ ወደ ባለመሬቱ ተመልሳ በሚሰጣት ዋጋ ትሠራለች።

ዮናስ፦ ያን ጊዜ ባለመሬቱም ይህን ስለሚያውቅ ክፍያውን ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት አይኖረውም።