ውሻችሁ እንግዳ ላይ እንዳይዘል፦ ሥራው የሚጀምረው በሩ ሳይከፈት ነው

ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች! እንዴት ሰነበታችሁ?

የላሜራው በር ይንኳኳል። ቋ ቋ ቋ! ቡቺ ከጓሮ ተፈትልኮ ይመጣል። በሩ ይከፈታል። እትዬ ጎረቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ከቅዳሴ እየተመለሱ ነው። "እንዴት አደራችሁ" ብለው ሳይጨርሱ ሁለት የጭቃ መዳፍ ደረታቸው ላይ! ነጩ ነጠላ አለቀለት። ባለቤቱ ከኋላ እየሮጠ ይጮሃል፦ "አይናከስም! አይዞዎት፣ አይናከስም!"

ታውቁታላችሁ አይደል? ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ግቢና ውሻ ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት ሲሆንማ ተዉት።

እኔ እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። እንግዳ በራችንን ያንኳኳው ወዶን ነው፤ እየተሳቀቀ መግባት የለበትም። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ልብሱን ውሻ ከላሰው ለሶላት ማጠብ ሊኖርበት ነው። "አይናከስም" ማለት ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

በመጀመሪያ ለምን ይዘላል? ቡችላ ትልቅ ውሻ ሲያገኝ አፉን ይልሳል። ሰላምታው ነው። የእኛ ፊት ያለው ላይ ነው፤ ስለዚህ ይዘላል። ንቀት የለበትም፣ ክፋትም የለበትም። ከዚያ እኛ እንገፋዋለን፣ እንጮሃለን፣ እናየዋለን። ለእሱ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። መዝለል ሠራለት ማለት ነው። በተለይ ከ6 እስከ 18 ወር ያለው ጎረምሳ ውሻ ጉልበቱ የትልቅ፣ ትዕግሥቱ የቡችላ ነው።

[ምስል፦ ፍም ላይ የተጣደ ጀበና]

አሁን የምወደው ምሳሌ መጣ። ጀበና!

ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናው እስኪገነፍል ትጠብቃለች? አትጠብቅም። ወሬዋን እያወራች ጆሮዋ ጀበናው ላይ ነው። ድምፁ ይቀየራል፣ አረፋው አንገቱ ላይ ብቅ ይላል፣ እሷ ቶሎ ታወርደዋለች። ወይ ፍሙን ገለል ታደርጋለች። ረገብ ሲል ትመልሰዋለች። እንደገና አንገቱ ጋ ደረሰ? እንደገና ታወርዳለች። ከገነፈለ በኋላማ ፍሙ ጠፍቷል፣ አመዱ ቦንኗል። ጀበናው ላይ ብትጮሂበት ቡናው አይመለስ።

ውሻውም እንዲሁ ነው። መዝለሉ ግንፈላው ነው። መፍላት የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በሩ ሲንኳኳ። እንዲያውም መኪና ሲቆም፣ የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ። ጆሮው ይቆማል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ይንቆራጠጣል፣ ጭራውን ከነወገቡ ይቆላል። አረፋው አንገቱ ላይ ደረሰ ማለት ይሄ ነው። አሁን ነው የምናወርደው! ማውረድ ማለት ከበሩ ማራቅ ነው። አራት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ። ሲረጋጋ እንመልሰዋለን።

ፍሙስ ማነው? እኛው ነን። የእኛ አገር አቀባበል ታውቁታላችሁ። "ውይ! እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!" እቅፍ፣ ሳም፣ እንደገና ሳም። ደስ ይላል። ግን ውሻው ይህን ሁሉ ሲያይ ፍም እየቆሰቆስንለት ነው። በሩ ላይ ዝግ በሉ። መሳሳሙን ቤት ገብታችሁ ጨርሱት።

እሺ፣ ወደ ልምምዱ። "ቁጭ" ያውቃል ብዬ ነው የምቀጥለው። ካላወቀ ያለፈውን ቪዲዮ እዩና ተመለሱ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም በዚያው አድርጉ።

መጀመሪያ ያለ እንግዳ። አንድ የቤተሰብ ሰው እንግዳ መስሎ ውጭ ቆሞ ያንኳኳል፣ ቀስ ብሎ። ቡቺ በገመድ ታስሯል፣ ከበሩ ራቅ ብሏል። ቁጭ። ሽልማት። በሩ ትንሽ ይከፈታል። ተነሳ? በሩ ይዘጋል። ቁጭ አለ? ይከፈታል። አራቱም እግሮቹ መሬት ላይ ከሆኑ እንግዳው ያናግረዋል። ከዘለለ እንግዳው ዞር ይላል፤ ዝም፣ ዓይን የለም፣ እጅ የለም። ሦስት ወይ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ደጋግሙት።

ሽልማቱ የተቀቀለ ሳምባ፣ የጣት ጥፍር የምታህል። መሬት ላይ ጣሉለት፤ አፍንጫው ወደ ታች ሲሄድ እግሩም ይከተላል። በሁዳዴ ሉካንዳው ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላል ይሆናል። ወጥ የነካው ነገር ግን አትስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል።

መጀመሪያ ላይ ሊብስበት ይችላል። ድሮ የሠራለት ነገር ሲቀርበት የበለጠ ይሞክራል። እዚያች ጋ ተስፋ እንዳትቆርጡ። አንድ አጎት መጥቶ "ተዉት፣ እኔ ውሻ እወዳለሁ" ካለም በትህትና አስቁሙት። አንዳንዴ የሚያገኘውን ነገር ውሻ ሁልጊዜ ከሚያገኘው ይልቅ ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል። በጉልበት ደረቱን መምታት፣ እግሩን መርገጥ፣ በዱላ ማለት፣ እነዚህን ተዉ። እንግዳ ሲመጣ እንደሚመታ ከተማረ እንግዳን ይፈራል። የፈራ ውሻ ነው የሚነክሰው።

እዚህ ላይ ስደርስ ኮመንት ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። "ወንድሜ፣ እኔ የምኖረው ከከተማ ወጣ ብዬ ነው። ማታ ጅብ ይጮሃል፣ ሌባም አለ። ውሻዬን ጨዋ ካደረግኸው ማን ይጠብቀኛል?" ብዙዎቻችሁ ይህን ጽፋችኋል፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

እስቲ አስቡት። እንግዳውን ሁሉ እየዘለለ የሚልሰው ውሻ አሁን እየጠበቃችሁ ነው? አይደለም፤ እየተቀበለ ነው። አጥንት ይዞ የመጣ ሌባንም እንዲሁ ይቀበለዋል። የጠባቂ ውሻ ሀብቱ ጆሮውና ጩኸቱ ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ የውሻ ከ40,000 ያልፋል። "ቁጭ" ስላስተማራችሁት ይህ ጆሮ አይደፈንም።

ደግሞ ውሻ የሚማረው ከነሁኔታው ነው። እናንተ አጠገቡ ናችሁ፣ በሩን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ፣ እንግዳው ፊት ለፊት ገብቷል። ያኔ ቁጭ ይላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አጥር የሚዘል ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። የፖሊስ ውሻ አላያችሁም? ቁጭ ሲሉት ቁጭ የሚለው እሱ ነው።

"ቀን ሙሉ አስሬው ማታ ስፈታው ኃይለኛ ይሆናል" የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ይህ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው። ቀኑን በአጭር ሰንሰለት የዋለ ውሻ ሰው መለየት የሚማርበት ዕድል የለውም። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ሌባ መርጦ አይነክስም። አጠገቡ ያገኘውን ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ቆጣሪ አንባቢው ላይም፣ ልብስ አጣቢዋ ላይም፣ ነፋሱም ላይ እኩል የሚጮህ ውሻ ሲኖራችሁ ደግሞ እናንተው መስማት ታቆማላችሁ። እውነተኛው ሌሊት ሲመጣም "ተወው፣ እንደ ልማዱ ነው" ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ብዙ ቆየሁበት፣ ግን ይገባዋል።

ቶሎ ልጨርስ። ሰውነቱ ከደረቀ፣ ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ከቆመ፣ ካጉረመረመ ይህ የደስታ ግንፈላ አይደለም። ልምምዱን አቁሙና የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ሕፃናትንና አዛውንቶችን መለማመጃ አታድርጓቸው። እነሱ ሲመጡ ቀደም ብላችሁ ጓሮ አስገቡትና የሚያኝከው ነገር ስጡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ከ3 ወሩ ጀምሮ አስከትቡት፣ በጊዜውም አሳድሱ። ጥርሱ የእንግዳን ቆዳ ከነካ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

የውሻችሁን ቪዲዮ የምትልኩልኝ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መዝለሉን ብቻ አትላኩልኝ። ካሜራውን በሩ ከመንኳኳቱ በፊት ክፈቱት፤ እኔ ማየት የምፈልገው እነዚያን የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። ላይክ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ፣ ውሻ ላለው ጎረቤትም ላኩለት። ቻው!