ገመድ ዘልዬ ስንት ካሎሪ አቃጠልኩ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ 20 ደቂቃ ገመድ እዘላለሁ። ኪሎዬ 60 ነው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ከ300 ካሎሪ በላይ አቃጠልሽ ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ አትመኚው እህቴ። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ የሚዘል ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሰዓት 12 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ያንቺ 60 ኪሎ በ12 ሲባዛ በሰዓት 720፣ በደቂቃ 12 ይሆናል። 20 ደቂቃ ሳታቋርጪ ብትዘይ 240 ነው። ግን ማን ሳያቋርጥ ይዘላል? ገመዱ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጎረቤት ሲያልፍ ቆም ብሎ ሰላም ይባላል። በትክክል የዘለልሽው 10 ደቂቃ ከሆነ የዝላዩ ድርሻ 120 ነው። ቀስ ካልሽ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ከዚህም ውስጥ 10 ያህሉን ቁጭ ብትዪም ታቃጥይው ነበር።

ስለዚህ ነገ ሰዓቱን ስትዘይ ብቻ አስቆጥሪው፤ ስታርፊ አቁሚው። አፑ ላይ የተሞላውን ኪሎም እዪልኝ። 80 ተብሎ ከሆነ ለዚያው 20 ደቂቃ 320 ያወጣል። ቁጥሩ አነሰ ብለሽ ግን ዝላዩን እንዳትተዪው፤ ለልብሽም ለአጥንትሽም ይጠቅማል። ሻይሽ ላይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጨምሪ ከሆነ እሱ ብቻ 50 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ መቀነስ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወደ ሱሉልታ ከመጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። በለመድኩት ፍጥነት ስሮጥ የእጅ ሰዓቴ ከድሮው የበለጠ ካሎሪ ያሳየኛል። ከፍታው ያቃጥላል እንዴ?

መልስ፦ ሰዓትህ የሚያየው የልብ ምትህን ነው። ሱሉልታ ከአዳማ ወደ 1,000 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ልብህ ያንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሰዓቱ ይህን አይቶ ብዙ የሠራህ ይመስለዋል። ሜዳ ላይ በዚያው ፍጥነት ስትሮጥ ግን ጡንቻህ የሚፈልገው ጉልበት ብዙም አይለወጥም። አንድ ሊትር ኦክስጅን ተጠቅመህ የምታወጣው እዚያም እዚህም 5 ካሎሪ ገደማ ነው። ሰውነትህ አየሩን ሲለምድ ቁጥሩም እየወረደ ይመጣል። እስከዚያው ፍጥነትህን ቀንስ። ደረትህን ከወጋህ ወይም ራስህን ካዞረህ ሩጫውን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነኝ። ሆዴ ላይ ላስቲክ ጠቅልዬ ስዘል ላቤ ይንቆረቆራል። ስብ ያቀልጣል?

መልስ፦ አያቀልጥም። የወጣው ውሃ ነው፤ ስትጠጪ ኪሎው ይመለሳል። ላስቲኩ ሙቀትሽን አፍኖ ይጎዳሻልና ዛሬውኑ አውልቂው።