«ወጌሻ ዘንድ ወስዳችሁታል» ካሉን ካሳው ቀረ ማለት ነው?

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ሕክምና ስህተት ካሳ ነው። የደወላችሁልን ሁሉ ከጎጃም ናችሁ።

ከቡሬ፦ «ወንድሜ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሆስፒታል ጀሶ አስረው ሸኙት። ሌሊቱን ‹እግሬ ሊፈነዳ ነው፣ ጣቴ በረደኝ› እያለ አደረ። ጠዋት ብንመልሰው ‹ይለምደዋል› አሉን። በሦስተኛው ቀን ቢጨንቀን ወጌሻ ጠራን። ጀሶውን ቀዶ አሸው። በኋላ እግሩ ተቆረጠ። ሆስፒታሉ ‹ያበላሻችሁት እናንተ› ይላል። መክሰስ እንችላለን?»

እግዜር ይማረው። አዎ፣ ትችላላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2098 ተጎጂው ራሱም ካጠፋ ከፊል ካሳ ያገኛል ይላል። ጨርሶ ይቀራል አይልም። ስንት እጅ እንደሚቀነስ ሕጉ አልቆረጠም። ዳኛው የሁለታችሁን ጥፋት ክብደት፣ ደግሞም የማን ጥፋት ለጉዳቱ ምን ያህል እንዳዋጣ መዝኖ ይወስናል።

እዚህ ላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጣቶቹ መቼ ጠቆሩ? ጀሶ ሲጠብቅ ደም አያሳልፍም፤ ደም ያጣ ሥጋ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ወጌሻው ሲደርስ ጣቱ ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ አልንቀሳቀስ ብሎ ከነበረ የወጌሻው እጅ የጨመረው ጥቂት ነው። ጣቱ ገና ይሞቅ ከነበረ ግን፣ አልዋሽዎትም፣ ብዙ ይቀነስባችኋል። ስለዚህ ያን ጠዋት መመለሳችሁ ካርዱ ላይ መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ ምስክር ፈልጉ፤ በባጃጅ ያደረሳችሁ ልጅም ይሆናል። ወጌሻውን ግን አትደብቁ። በመስቀለኛ ጥያቄ መውጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ሌላውም ቃላችሁ አይታመንም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የእግሩ መቆረጥ ብቻውን የሐኪሙን ጥፋት አያስረዳም፤ ከሙያው ደንብ ውጪ መሠራቱን የሚያስረዳ የሌላ ሐኪም አስተያየት ያስፈልጋችኋል። ተቋሙን ራሱን ክሰሱ፤ በቁጥር 2651 መሠረት በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው።

ከደጀን፦ «ካሳ ከ1,000 ብር አያልፍም የሚባለው እውነት ነው?»

ግማሹ እውነት ነው። 1,000 ብር የሞራል ካሳ፣ ማለትም ለሐዘንና ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው፣ ጣሪያ ነው፤ ቁጥር 2116 ላይ ተጽፏል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ለፋሲካ አንድ ደህና ዶሮ መግዛቱን እንጃ። በኔ እምነት ይህ አንቀጽ መሻሻል ከነበረበት ቆይቷል።

ለቁሳዊ ጉዳት ግን ጣሪያ የለም። ቁጥር 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው። የሕክምና ወጪ፣ የትራንስፖርት፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀረውም ጭምር ይታሰባል። አርሶ አደር የደመወዝ ወረቀት የለውም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መሬቱ ስንት ጥማድ ነው? በዓመት ስንት ኩንታል ጤፍ ያገባ ነበር? አሁን ለማን አከራየው ወይስ የእኩል ሰጠው? ይህንን የቀበሌ ማስረጃና ጎረቤት ያስረዳል። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ፣ ይቆርጣል፤ ቁጥር 2102።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ከቀዶ ጥገናው በፊት ፈርሜያለሁ። መብቴ ቀረ?»

አልቀረም። የፈረሙት ለቀዶ ጥገናው ፈቃድ ነው። ለጥፋት አስቀድሞ ይቅርታ አላደረጉም።

ከዳንግላ፦ «እናቴ ከተጎዳች 2 ዓመት ሊሞላ ወር ቀረው። ሽማግሌ እየተመላለሰ ነው። እንጠብቅ?»

አትጠብቁ። በቁጥር 2143 ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይያዛል፤ እሱን ግን አትመኑበት፣ ያከራክራል። ክሱን በዚህ ሳምንት ክፈቱ። ሽማግሌዎቹ ይቀጥሉ፣ መዝገብ መከፈቱ እርቅ አይከለክልም። ከታረቃችሁም ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡት፤ «ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» የሚል መስመር አብዛኛውን ጊዜ ታች ነው የሚቀመጠው።