ድንጋዩን ለምን ፈራነው?

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ችላችሁ፣ በቅዳሜ ጠዋት ለመጽሐፍ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ «ስለ ሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ይናገሩልን» ብለውኛል። እሺ። ግን ከዓምና ጀምሮ ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

እኛ የአንጎለላና የአንኮበር ልጆች ነን። ምኒልክን ከመጽሐፍ በፊት ከቤት ነው የሰማነው። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ እኔ አነብለት ነበር። ዐድዋ ላይ ስንደርስ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ያነሣል። «እምዬ» ይላል፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። ያኔ አባቴን የሚያስለቅሱት ንጉሡ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የጸሐፊውም እጅ እንዳለበት የገባኝ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ጸሐፊው እንዴት ነው የሚይዘን? አንዱ ብልሃት ከአፋችን አይጠፋም። ጀግናው «መጡ»፣ «አዘዙ» ይባላል። ባላንጣው «መጣ»፣ «አዘዘ»። ማን ምን እንዳደረገ ገና ሳናውቅ ለአንደኛው ከመቀመጫችን ተነሥተናል። ሌላው ብልሃት ትንሿን ነገር ቀረብ አድርጎ ማሳየት ነው። በክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ የሚያርስ በሬ ሲጠፋ፣ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ይህን ያነበበ ሰው የዚያን ዘመን አዋጅ ሁሉ ቢረሳ መቆፈሪያውን አይረሳም። ጸሐፊ እንዲህ ሲጽፍ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ግን ያናድደኛል። ጀግናውን ለማስረዘም ሌላውን ማሳጠር! አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት የምኒልክ ታሪክ ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ክፉኛ ዘለፉ። ብዙም ሳይቆይ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ብዕራቸውን አነሡ። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የማያዳላ ፍርድ ሊኖረው ይገባል ብለው ሞገቷቸው። እስቲ አስቡት፤ ምኒልክ መቅደላ ላይ ያደጉት በቴዎድሮስ እጅ ነው። ልጃቸውን አልጣሽን የዳሩላቸውም ቴዎድሮስ ናቸው። አሳዳጊውን ሰድቦ ያደገውን ማመስገን ምን የሚሉት ምስጋና ነው?

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ዓምና የተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር ነበር። ርዕሱ «የማደንቀው መሪ» ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ከልቼ በኩል በእግሯ የምትመላለስ፣ ስለ ምኒልክ ጻፈች። ስለ ዐድዋ ሦስት መስመር ብቻ። የቀረው ሁሉ ስለ ልቼ ነው። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ የመገዛት ምልክት የሆነውን ድንጋይ ተሸክመው ለዐፄ ዮሐንስ የገቡባት፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለችው ልቼ። ልጅቱ አንድ ነገር ጠየቀች። ስለ ንጉሡ የሚጽፉ ሰዎች እዚህ ቦታ ሲደርሱ ለምን ይሮጣሉ? «እኔ የማደንቃቸው ግን እዚህ ጋ ነው» አለች። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መባሉን እዚያ ተዉት። የሸዋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። አገሬው ሳይተላለቅ ቀረ። ከ18 ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የቆመው ሠራዊት፣ ያን ቀን ልቼ ላይ ካልተፋጀው ሕዝብ የመጣ ነው። የጻፈችው ይህንን ነው። የ15 ዓመት ልጅ!

ዳኞቹ ጣሏት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። «ድንጋይ» የሚለው ቃል ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተመላልሶ ወረቀቱን ቀዶታል። ከጎኑ «ንጉሡን ማዋረድ» ተብሎ ተጽፏል።

ማን ነው ያዋረዳቸው? ምኒልክ ለመሸከም ያላፈሩትን ድንጋይ እኛ ለማንበብ አፈርን! ድንጋዩን ደብቀን ያሳደግነው ልጅ ነገ በስልኩ ሌላ ሰው በክፋት ሲነግረው ምን ብሎ ይመልስ? ዞሮ እኛን ነው የሚጠይቀን። «ለምን ደበቃችሁኝ?» ይለናል። እናንተ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ መምህራን፣ መልሱን አዘጋጅታችኋል?

ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይም ልናገር አስቤ ነበር። የኛው የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ የብዙ ሰው ሕይወት በአጭር በአጭሩ ጽፈዋል። ለሌላ ቀን ይቆየን፣ ሰዓቱ ሄዷል።

ልጅቱ እዚህ አለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከእናቷ ጎን። ወረቀቷ ደግሞ ይኸው፣ እኔ ጋ ነው። ነይ የኔ ልጅ፣ ውጪ። ማይኩን ዝቅ አድርጉላት። ከላይ አትጀምሪ። ድንጋዩ ካለበት ጀምሪ።